የሚያፈስ እንስራ አይሞላም፤ የመድኃኒት ዕፅዋትና የሥጋ ዶሮ ደም ጤንነት

በወላይታ የጊፋታ በዓል የሚከበረው በመስከረም ወር አጋማሽ ገደማ ነው። ለዚህ በዓል የሥጋ ዶሮ ለገበያ ማድረስ የሚፈልግ አርቢ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ወደኋላ ቆጥሮ የአንድ ቀን ጫጩቶችን በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ መጀመሪያ ማስገባት ይኖርበታል። ይህ ወቅት ደግሞ ዝናብ የሚበዛበት፣ ጉዝጓዝ የማይደርቅበትና የዶሮ ቤት አየር የሚታፈንበት ነው። ስለዚህ የበዓሉ ገበያና የጫጩቶቹ አደገኛ ጊዜ አብረው ይመጣሉ።

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሁምቦ ወረዳ ከተማ፣ በተበላ፣ አንድ ቤተሰብ 100 ጫጩት አስገባ እንበል። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ አንዳንዶቹ ላባቸውን አቁመው በጥግ ይኮራመታሉ፤ መኖ ይቀንሳሉ፤ በኩሳቸው ውስጥ ደም ይታያል። ጎረቤት መጥቶ «ሃለኮ ደም ይሞላል፤ ቅጠሉን ጨምቃችሁ አጠጡ» ይላል። ሌላው ነጭ ሽንኩርት ከጤና አዳም ጋር፣ ሦስተኛው ደግሞ ፌጦና ሚጥሚጣ ያዝዛል። ቤተሰቡ ሁሉንም በየተራ ይሞክራል። በዚህ መካከል አራት ቀን ያልፋል፤ በአራቱ ቀን ውስጥ ከጫጩቶቹ የተወሰኑት ይሞታሉ፤ የቀሩትም ለጊፋታ የሚፈለገውን ክብደት ሳያገኙ ይቀራሉ።

እዚህ ላይ የጎረቤቶቹ ምክር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ሃለኮም ነጭ ሽንኩርትም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ስህተቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ደሙ እየፈሰሰ ሳለ ደም የሚሞላ ነገር ማጠጣት በሚያፈስ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ይህ ጽሑፍ የመድኃኒት ዕፅዋት ለሥጋ ዶሮ ደም ምን ያህል እንደሚረዱ፣ የት ላይ እንደሚያበቁና አርቢው አስቀድሞ ምን መመልከት እንዳለበት ያስረዳል።

የዶሮ ደም ሥራ

የሥጋ ዶሮ ጫጩት ከእንቁላል ስትወጣ ክብደቷ 40 ግራም ገደማ ነው። ጥሩ ዝርያ ሆና በደንብ ከተያዘች በ42 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። የዶሮ ደም ከክብደቷ ከ6 እስከ 8 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ ስትፈለፈል 3 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የነበረው ደም በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ120 ሚሊ ሊትር በላይ መድረስ አለበት። ይህን የሚሠራው በአጥንቷ ውስጥ ያለው መቅኔ ሲሆን፣ ለሥራውም ፕሮቲን፣ ብረት፣ መዳብና ቫይታሚኖች ያስፈልጉታል።

በሌላም በኩል የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው አጭር ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲቆይ፣ የዶሮ ግን ከ28 እስከ 35 ቀን ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ዶሮ ደሟን ያለማቋረጥ ማደስ አለባት። በመኖ ላይ የሚደርስ ጉድለት ወይም መቅኔን የሚጎዳ መርዝ በዶሮ ላይ ቶሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በላቦራቶሪ የዶሮ ደም ሲመረመር በመጀመሪያ የሚታየው ቀይ ሕዋሳቱ ከጠቅላላው ደም ያላቸው ድርሻ ነው። ከክንፍ ሥር ካለው የደም ሥር ጥቂት ጠብታ በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ተወስዶ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ይዞራል፤ ቀዩ ክፍል ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ውሃማው ይቀራል። በጤነኛ ዶሮ የቀዩ ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 35 በመቶ ነው። ከዚህ በታች ሲወርድ የደም ማነስ አለ ይባላል። ከዚህ በተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይለካል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም በዓይነት በዓይነታቸው ይቆጠራሉ። ከነጮቹ መካከል ሄትሮፊል የሚባሉት በሊምፎሳይት ላይ ሲበዙ ዶሮዋ በሙቀት፣ በጥበት ወይም በሌላ ጭንቀት ውስጥ መሆኗን ያመለክታሉ። ይህ መለኪያ በ1983 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል።

አርቢው ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ መሣሪያ የለም። ሆኖም ዓይንና እጅ አለው። የዶሮዋን የዓይን ሽፋን ውስጠኛ ክፍልና የአፏን ውስጥ ገልጦ ማየት፣ የእግሯን ቆዳና በአናቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ መመልከት ይቻላል። እነዚህ ከሌሎቹ ዶሮዎች ይልቅ ከነጡ ደም እያነሳት ነው።

ደም የሚፈስባቸው አምስት ቀዳዳዎች

አንደኛ፣ የደም ተቅማጥ ወይም ኮክሲዲዮሲስ ነው። የበሽታው ተውሳክ በኩስ ይወጣል፤ በእርጥብና በሞቃት ጉዝጓዝ ውስጥ አንድና ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ በሽታ የማስያዝ ኃይል ያገኛል። ጫጩቷ ከጉዝጓዙ ጋር ስትለቅመው በአንጀቷ ውስጥ ይራባል። ዕውር አንጀትን የሚያጠቃው ዓይነት በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን የአንጀቱን ግድግዳ ቀድዶ ደም ያፈስሳል። ደም በኩስ ላይ ሲታይ በሽታው ከጀመረ ቀናት አልፈዋል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ማዘግየት ብዙ ያስከፍላል።

ሁለተኛ፣ ቅንቅንና መዥገር ናቸው። ደም የሚመጠው ቀዩ ቅንቅን ቀን በግድግዳ ስንጥቅና በቆጥ እንጨት ሥር ተደብቆ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ይመጣል። አርቢው ቀን ዶሮዋን አገላብጦ ምንም አላገኘሁም ሊል ይችላል። ማታ በባትሪ ማየት፣ ወይም ነጭ ወረቀት በስንጥቁ ሥር አንጥፎ ጠዋት መመልከት ይገባል።

ሦስተኛ፣ የሻገተ መኖ ነው። በእርጥበት የተቀመጠ በቆሎና የለውዝ ወይም የኑግ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ይችላል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ ደምን ያሳንሳል፤ ሰውነት በሽታን የመከላከል ኃይሉን ይቀንሳል። ሻጋታውን አራግፎ ወይም አስጥቶ መስጠት መርዙን አያጠፋውም።

አራተኛ፣ የመኖ ጉድለት ነው። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የምትመገብ የሥጋ ዶሮ ሆዷ ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ደም የምትሠራበት ፕሮቲንና ማዕድን አታገኝም።

አምስተኛ፣ መድኃኒትን ያለ መጠን መስጠት ነው። የሰልፋ መድኃኒቶች የደም ተቅማጥን ለማከም ያገለግላሉ። ነገር ግን ከመጠን በላይ ወይም ለረዥም ቀን ሲሰጡ ራሳቸው ደም ያፈስሳሉ፤ መቅኔንም ይጎዳሉ። «ትንሽ ከፈወሰ ብዙ ይበልጥ ይፈውሳል» የሚለው አስተሳሰብ ለመድኃኒትም ለቅጠልም አይሠራም።

ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ሁልጊዜ ጤና አይደለም

«ይህ ቅጠል የዶሮን ደም ጨመረ» ሲባል አርቢው መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። የቀይ ሕዋሳት ድርሻ ከፍ የሚለው ደም በመብዛቱ ብቻ አይደለም። ዶሮ ውሃ ሲጠማት የደሟ ውሃማ ክፍል ይቀንስና ቀዩ የበዛ ይመስላል። መራራ ቅጠል በመጠጥ ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ዶሮዎቹ ውሃውን ቢጠሉት፣ በላቦራቶሪ የሚገኘው ቁጥር ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዶሮዎቹ ግን ተጠምተዋል። የሥጋ ዶሮ ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ ያህል ውሃ እንደምትጠጣ መዘንጋት አይገባም።

ሌላው የቦታ ከፍታ ነው። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ዶሮ ኦክስጅን ለማግኘት ብዙ ቀይ ሕዋስ ትሠራለች። ቶሎ ቶሎ የምታድገው የሥጋ ዶሮ ደሟ ሲወፍር ልቧ ደሙን በሳንባ ውስጥ ለመግፋት ይቸገራል፤ በመጨረሻም በሆዷ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ትሞታለች። ይህ በሽታ በቦሊቪያ ከፍተኛ ቦታዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመዝግቧል። የወላይታ ምድርም ከአባያ ሐይቅ ዳር፣ 1200 ሜትር ገደማ ካለው ቆላ፣ እስከ ሶዶና ከዚያ በላይ እስካለው ደጋ ድረስ ይለያያል። ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው የሚያስፈልገው ደምን የበለጠ ማወፈር አይደለም። የሚያስፈልገው በቂ አየር የሚገባበት፣ ጫጩቶች የማይበርዳቸው ቤት ነው። ብርድ የኦክስጅን ፍላጎትን ስለሚጨምር በሽታውን ያባብሳል።

እንግዲህ የምንፈልገው ከፍተኛ ቁጥር ሳይሆን በጤነኛው ወሰን ውስጥ የሚገኝ ደም ነው።

ዕፅዋቱ ምን ያደርጋሉ?

የመድኃኒት ዕፅዋት በዶሮ መኖ ውስጥ የሚያደርጉት ጥቅም በዓለም ላይ በብዛት መጠናት የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። ለብዙ ዓመታት ዶሮዎች ቶሎ እንዲያድጉ አንቲባዮቲክ በትንሽ መጠን ከመኖ ጋር ሲሰጥ ነበር። ይህ ግን መድኃኒት የማይበግራቸው ተውሳኮችን እንደሚያፈራ ስለ ታወቀ ስዊድን በ1986 እ.ኤ.አ. ከለከለችው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አገደው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሞሪንጋና ሌሎችም በብዙ አገሮች ተሞክረዋል።

በአገራችንም በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የዶሮ እርባታን ወደ ብዙ ቤተሰብ አድርሷል። ዶሮ ሲበዛ የመድኃኒትም ፍላጎት ይበዛል፤ ስለዚህ በጓሮ ያለውን ዕፅ በዕውቀት መጠቀም ተገቢ ነው።

ሃለኮ ወይም ሽፈራው፦ በወላይታ፣ በጋሞና በኮንሶ በየቤቱ ደጃፍ የሚበቅለው ይህ ዛፍ ቅጠሉ በፕሮቲን፣ በብረትና ቫይታሚን ኤ በሚሆነው ንጥረ ነገር የበለጸገ ነው። በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የሃለኮ ቅጠል ዱቄት በሮድ አይላንድ ሬድ ጫጩቶች መኖ ውስጥ እስከ 6 በመቶ ተሰጥቶ ያለ ጉዳት ውድ የሆነውን የፕሮቲን መኖ በከፊል ሊተካ እንደሚችል ታይቷል። በሌሎች አገሮች የሥጋ ዶሮ ላይ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎች የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሞሪንጋ በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ የደም መለኪያዎች በጤነኛው ወሰን ውስጥ ይቆያሉ፤ በአንዳንዶቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሏል፤ በሌሎቹ ለውጥ አልታየም። መጠኑ ሲበዛ ግን ቃጫው ስለሚጨምር ዕድገት ይቀንሳል። ከዚህ የምንረዳው ሃለኮ በመሠረቱ ጥሩ ምግብ መሆኑን ነው። ደምን የሚረዳውም የጎደለውን ምግብ ስለሚሞላ ነው።

ነጭ ሽንኩርት፦ ሲፈጭ አሊሲን የሚባል ነገር ይፈጥራል፤ ይህም በርካታ ተውሳኮችን ያዳክማል። በሙከራዎች ብዙውን ጊዜ የተሰጠው ከ100 ኪሎ መኖ ግማሽ ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ዱቄት ነው። ሆኖም የሽንኩርት ዘር ከመጠን ሲያልፍ ቀይ የደም ሕዋስን የሚሰብር ነገር አለው። ሽንኩርት በብዛት የበሉ ከብቶችና ውሾች በደም ማነስ እንደሚታመሙ በእንስሳት ሕክምና የታወቀ ነው። ስለዚህ ደም ላነሳት ዶሮ ነጭ ሽንኩርት በገፍ መስጠት ተቃራኒ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

ዝንጅብል፦ ወላይታ የታወቀ የዝንጅብል አገር ነው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰው የአጠውልግ በሽታ ምርቱን ክፉኛ ቢጎዳውም አሁንም በጓሮ ይገኛል። ዝንጅብል የምግብ መፈጨትን ይረዳል፤ በሙቀት ወቅትም ዶሮዎች ጭንቀትን እንዲቋቋሙ እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ። በቀጥታ ደም የሚሠራ ግን አይደለም።

ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ግራዋ፣ ሬት፦ እነዚህ በባሕላችን ለዶሮ የሚሰጡ ናቸው። ለሥጋ ዶሮ የተወሰነ መጠን ስላልወጣላቸው አርቢው በጥንቃቄና በትንሹ ብቻ ይጠቀምባቸው። በተለይ ሬት አንጀትን የሚያስቀምጥ ስለሆነ ተቅማጥ ለያዛት ጫጩት መስጠት አይገባም።

ጭማቂ ወይስ ዱቄት?

ለቤት አያያዝ ዱቄት ከጭማቂ ይመረጣል። ምክንያቱም መጠኑን መመዘን ይቻላል፤ አይኮመጥጥም፤ ውሃን አያስጠላም። የሃለኮ ዱቄት አዘገጃጀት እንደሚከተለው ነው።

1. ለጋና ንጹሕ ቅጠል ተለቅሞ ይታጠባል፤ ዘንጉ ይወገዳል።
2. በጥላ ሥር በስሱ ተሰጥቶ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ይደርቃል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይገላበጣል። በፀሐይ ቢደርቅ ቫይታሚኑ ይጠፋል።
3. ተወቅጦ በወንፊት ይነፋል፤ በደረቅና በሚከደን ዕቃ ይቀመጣል። ሽታው የተለወጠ ወይም የሻገተ ይጣላል።
4. በመጀመሪያ ከ100 ኪሎ መኖ 1 ኪሎ ብቻ ይቀላቀላል። ጫጩቶቹ ከለመዱት በኋላ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ቢበዛ 5 ኪሎ ድረስ ይደርሳል። ከዚያ በላይ አይለፍ።

ጭማቂ ወይም ዝፍዝፍ የሚሰጥ ከሆነ ጠዋት ተዘጋጅቶ በዚያው ቀን ያልቅ፤ ያደረ ይደፋ። ከጎኑ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃ ይኑር። መጠጫውም በየቀኑ ይታጠብ። በቆላ ሙቀት የቅጠል ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይቦካል፤ የቦካ ውሃ ደግሞ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል።

ቅጠል የማይተካቸው ነገሮች

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው። ፈንግልን የሚያድን ቅጠል፣ ሽንኩርትም ሆነ አረቄ የለም። መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ በዓይን ጠብታ የሚሰጥና ሙቀትን የሚቋቋም ዓይነትም አለ። ጉምቦሮም እንደዚሁ ክትባት ይፈልጋል። የክትባቱን ቀን ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ጫጩት ከመግባቱ በፊት መወሰን ያስፈልጋል። ክትባት በመጠጥ ውሃ በሚሰጥበት ቀን ምንም ዓይነት የቅጠል ጭማቂ በውሃው ውስጥ አይጨመር፤ ክትባቱን ሊያበላሸው ይችላል።

ለደም ተቅማጥም በባለሙያ የሚታዘዝ መድኃኒት፣ ለምሳሌ አምፕሮሊየም፣ በመጀመሪያው ምልክት መሰጠት አለበት። በነጭ ሽንኩርትና በአርቴሚሲያ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተውሳኩን እንደሚቀንሱ አንዳንድ ተስፋ አሳይተዋል፤ ነገር ግን ውጤታቸው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ደም እያፈሰሰች ላለች ጫጩት መድኃኒት ሆነው አይበቁም። መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ዶሮው ለዕርድ እስኪደርስ መቆየት ያለበትን ቀን ባለሙያውን መጠየቅ የአርቢው ግዴታ ነው።

አርቢው ራሱ እንዲሞክር

ቅጠሉ ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም የሚለውን ለማወቅ ሁሉንም ዶሮ ቅጠል ሰጥቶ «ደህና ሆኑ» ማለት አይበቃም። ያለ ቅጠሉም ደህና ይሆኑ ነበር ይሆናል። ተመራማሪ የሚያደርገውን አርቢውም በትንሹ ማድረግ ይችላል። በአንድ ቀን የገቡ 40 ጤነኛ ጫጩቶች ይመረጡ፤ ሳይመረጡ ሳይለዩ 20 በአንድ በኩል፣ 20 በሌላ በኩል በመከለያ ይቀመጡ። ቤቱ፣ ጉዝጓዙ፣ ውሃው፣ ክትባቱ አንድ ይሁን፤ ለአንደኛው ወገን ብቻ የሃለኮ ዱቄት ይጨመር። በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት ሁሉም ይመዘኑ። የበሉት መኖ፣ የሞቱት ቁጥርና የዓይን ሽፋናቸው ቀለም በደብተር ይጻፍ። በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሩ ይናገራል። ይህን ደብተር የያዘ አርቢ ወደ ልማት ሠራተኛው ሲመጣ ውይይቱ በወሬ ላይ ሳይሆን በማስረጃ ላይ ይሆናል።

ለነሐሴ ጫጩት ቅደም ተከተል

ወደ መጀመሪያው ቤተሰብ እንመለስ። በሚቀጥለው ዓመት ለጊፋታ ጫጩት ሲያስገቡ እንዲህ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ።

በመጀመሪያ ጫጩት ከመግባቱ በፊት ቤቱ ይጠረግ፤ ስንጥቁ ይመረግ፤ ጣሪያው እንዳያፈስ ይጠገን። ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይነጠፍ፤ በመጠጫ ዙሪያ የረጠበው በየቀኑ ተነሥቶ በደረቅ ይተካ። በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 ዶሮ በላይ አይታጎር። መኖው ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ክትባቱ በቀኑ ይሰጥ።

ከዚያም ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ በየጠዋቱ ኩሱ ይታይ። ደም ከታየ ያን ዕለት ባለሙያ ይጠራ፤ የታመሙት ይለዩ፤ ጉዝጓዙ ይቀየር። አዲስ የሞተ ካለ ሳይቆይ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ወይም በሶዶ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይወሰድ፤ ከያዙት በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

በመጨረሻ ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ሃለኮው ይምጣ። ደሙ መፍሰሱን ያቆመችና የምታገግም ጫጩት አዲስ ደም ለመሥራት ፕሮቲንና ብረት ትፈልጋለች፤ የደጃፉ ዛፍ ሊያግዛት የሚችለው በዚህን ጊዜ ነው። ቅጠሉ በቦታው ሲገባ ረዳት ነው፤ በክትባትና በንጽሕና ቦታ ሲገባ ግን ጊዜ ያባክናል፤ ለጫጩትም ጊዜ ማለት ደም ነው።